ለላንድክሩዘር 80 የትኛው ሞላ ይሻላል? ሞላውን ቤት ውስጥ ራሱ ለሚቀይር ሰው የተጻፈ ንጽጽር

ሞላ ሊቀይር ያሰበ ሰው ገበያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ያነሳዋል?» ብሎ ነው። ሻጩም የሚመልሰው በዚያው ቋንቋ ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን «መኪናዬ ዘወትር ስንት ኪሎ ተሸክሞ ይሄዳል?» የሚለው ነው። ከፍታው ጭነቱንና ሞላውን ተከትሎ የሚመጣ ውጤት ነው። ከፍታውን አስቀድሞ የመረጠ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶውን የሚዘል፣ ሲጫንም የሚሰምጥ መኪና ይዞ ይቀራል።

ምሳሌ አድርጌ የያዝኩት ላንድክሩዘር 80ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ይህ መኪና ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኙን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ወጥ ዘንግ) እና አራት ሞላ አለው። አሞርዛተሩ (የሞላውን መወዛወዝ የሚገታው ክፍል) ከሞላው ተለይቶ ስለሚታሰር ሞላውን ቤት ውስጥ ለመቀየር ከሚመቹት መኪኖች አንዱ ነው። ባዶውን ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ታንከሩ ብቻ 95 ሊትር ያህል ይይዛል፣ ይህም በናፍጣ ሲሞላ ወደ 80 ኪሎ ነው። በአገራችን ያሉት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት አልፏል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ ማኖር ለብዙ ሰው ግዴታ ሆኗል። ፕራዶ፣ ሃይሉክስ፣ ጂምኒ ወይም ላዳ ኒቫ ያላችሁም ብትሆኑ የምርጫው መንገድ አንድ ነው። የሚለየው ሥራው ቤት ይሠራል ወይስ ጋራዥ ይሄዳል የሚለው ነው፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ይለኩ

መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙ። የጎማዎቹን ንፋስ ያስተካክሉ፣ ታንከሩ ምን ያህል እንደያዘ ይመዝግቡ፤ ከዚያም ከጎማው መሐል ነጥብ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት በአራቱም ጎን በሚሊሜትር ይለኩ። ከመሬት ጀምሮ መለካት አይረባም፤ የጎማው ውፍረትና ንፋሱ ቁጥሩን ያዛባዋል። ቀጥሎ አክስሉ ወደ ላይ ሲመጣ ሻንሲውን እንዳይመታ የተቀመጠውን ትንሽ የማቆሚያ ጎማ ይመልከቱ። መኪናው ቆሞ ሳለ በአክስሉና በዚያ ጎማ መካከል ሁለት ጣት እንኳ የማያስገባ ክፍተት ካለ ሞላው ወርዷል። ይህ የማቆሚያ ጎማ ተቀጥቅጦ ወይም ተሰንጥቆ ካዩት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲመታ ኖሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ልግለጽ። ሞላ ሲያረጅ ጥንካሬው ቀነሰ እንላለን፤ እውነቱ ግን ጥንካሬው ብዙም አይለወጥም። የሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅሉ ስፋት፣ በሚሠሩት ጥቅልሎች ብዛትና በብረቱ ባሕርይ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ የሚለወጥ የለም፣ ዝገት ሽቦውን ካልበላው በቀር። ዕድሜ የሚያሳጥረው የሞላውን ቁመት ነው። ብረቱ ከዓመታት ጭነት በኋላ በቋሚነት ያጥራል፤ መኪናው ዝቅ ይላል፣ አክስሉ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ይጠባል፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ያ የማቆሚያ ጎማ ይመታል። ሹፌሩም ምቱን ሲሰማ «ሞላው ደረቀ» ይላል።

ስለዚህ መኪናው ቁመቱን ጠብቆ ሳለ ጉድጓድ ካለፈ በኋላ ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥፋቱ የአሞርዛተር ነው። ኮሮኮንች ላይ «ኳ» የሚል ድምፅ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀ ጎሚኒ (በብረት መጋጠሚያዎች መካከል የሚገባ ላስቲክ) ነው። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መኪና ካለዎት ደግሞ ሞላው የተሰበረ መሆኑን ይዩ፤ ስብራቱ ብዙ ጊዜ ጭቃ በሚጠራቀምበት በታችኛው ጥቅልል ላይ ስለሚሆን ታጥቦ ካልታየ አይገኝም። በአፋር የጨው ሜዳ የሚመላለሱ መኪኖች ላይ ይህን ደጋግመው ይፈትሹ፤ ጨው ቀለሙ የተላጠበትን ብረት ነቅሶ ይበላዋል፣ ስብራትም የሚጀምረው ከዚያች ንቅሳት (ዝገት ከበላት ትንሽ ጉድጓድ) ነው።

ጭነትዎን በኪሎ ይጻፉ

ወረቀት ይያዙና ከመኪናው የማይወርደውንና አልፎ አልፎ ብቻ የሚጫነውን በሁለት ረድፍ ይለያዩ። የብረት ፓራውልት ከዊንች ጋር ፊት ላይ ወደ 100 ኪሎ ይጨምራል። ሁለተኛ ባትሪ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ፖርቶመጋላ ከነድንኳኑ 100 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ እሱም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በኩርባ ላይ መኪናውን ያጋድላል። እነዚህ ቋሚዎች ናቸው። ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ከነናፍጣው ከ20 ኪሎ ይበልጣል። 60 ሊትር ውሃ 60 ኪሎ ነው። ከኋላ የሚቀመጡ ሦስት ሰዎች ከ200 ኪሎ በላይ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ወጪ ገቢ ናቸው።

ይህ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ እንይ። የአንድ የኋላ ሞላ ጥንካሬ በሚሊሜትር 40 ኒውተን ነው እንበል፤ በግምት በየ4 ኪሎው 1 ሚሊሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ከኋላ አክስሉ በላይ 200 ኪሎ ቢጭኑ ለእያንዳንዱ ሞላ 100 ኪሎ ይደርሰዋል፤ መኪናውም ወደ 25 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። ይህ ችግር የለውም። 400 ኪሎ ቢሆን 50 ሚሊሜትር ነው፤ በዚያ ላይ ሞላው በዕድሜ 30 ወይም 40 ሚሊሜትር አጥሮ ከነበረ አክስሉ ማቆሚያውን ነክቶ ይሄዳል። አሁን ሁለት መፍትሔ አለዎት፤ አንዱ ያጠረውን ቁመት መመለስ፣ ሌላው ጥንካሬውን መጨመር። የትኛው እንደሚያስፈልግዎ የሚነግርዎ ያ ወረቀት ነው። ቋሚው ረድፍ ከ100 ኪሎ በታች ከሆነ ቁመቱን መመለስ ብቻ ይበቃል፤ ጠንካራ ሞላ ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

ጠንካራ ሞላ ባዶ መኪና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከምቾት ማጣት ያልፋል። ኮሮኮንች ላይ ጎማው መሬቱን ተከትሎ መውረድ ስለሚያቅተው ይዘላል፤ የሚዘል ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ ኩርባም አይዝም። በጠጠር መንገድ ላይ ባዶውን እየበረረ የሚገለበጥ መኪና ታሪክ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ከባዱን ሞላ «ለማንኛውም» ብሎ መግዛት የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው።

አዲስ ኦርጅናል

የፋብሪካውን ሞላ አዲስ መግዛት ለአብዛኛው የከተማ መኪና ትክክለኛው መልስ ነው፤ በአንድ አክስል ላይ የሚሄዱት ሁለቱ ይመጣጠናሉ፣ ካስተሩ (መሪውን ቀጥ አድርጎ የሚመልሰው የፊት ጎማ ዝንባሌ)፣ የፍሬን ቱቦው፣ የመብራቱ አቅጣጫ ሁሉ በታሰበበት ቦታ ይቀመጣል። ቶዮታ ሞላዎቹን በቀለም ነጥብና በክፍል ቁጥር ስለሚለያቸው በሻንሲ ቁጥርዎ የእርስዎን ማስወጣት ይቻላል። ሞኤንኮም ሆነ ሌላ አስመጪ ጋር ሲሄዱ ሊብሬውን ይዘው ይሂዱ። የግራና የቀኙ ቁጥር የሚለያይ ከሆነ ያ ሆን ተብሎ የተደረገ ነውና «ሁለቱም ያው ናቸው» በሚል ሰው አይሸነፉ። ጉድለቱ ዋጋው ነው፤ ለአሮጌ ሞዴል አልፎ አልፎ ትዕዛዝ መጠበቅም አለ።

ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ያገለገለ ኦርጅናል

መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ ጥሩ ሞላ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ይህን የምለው ሰውን ለማበረታታት ብቻ አይደለም። ከላይ እንዳልኩት የሞላ ጥንካሬ በዕድሜ አይወድቅም፤ ስለዚህ ቁመቱን ያልጣለ ያገለገለ ሞላ እንደ አዲስ ይሠራል። ትልቁ ሥራ ግን መለየቱ ነው፣ ለዚህም ሜትርና ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለቱን ሞላዎች ደልዳላ ቦታ ጎን ለጎን ያቁሟቸው። በቁመት ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ እንደ ጥንድ አይግዟቸው፤ መኪናው ያዘነብላል። የጥቅልሎቻቸውን ብዛት ይቁጠሩ። የሽቦውን ውፍረት ቀለሙና ዝገቱ በተነሳበት ቦታ በካሊፐር ይለኩ። ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ ቢሉኝ፣ ጥንካሬው ከውፍረቱ ጋር የሚያድገው በአራተኛ ደረጃ ስለሆነ ነው፤ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሽቦው ከ15 ወደ 16 ሚሊሜትር ቢወፍር ሞላው ወደ 30 በመቶ ይጠነክራል። በዓይን የማትታይ 1 ሚሊሜትር ግራው ለስላሳ፣ ቀኙ ጠንካራ የሆነ መኪና ትሰጥዎታለች።

ከዚያ ጫፎቹን ይመልከቱ። በፍሌክሲብል (በብረት መቁረጫ ማሽን) የተቆረጠ ሞላ ጫፉ ላይ ስል ጠርዝና የመጋዝ መስመር አለው። ወደ ሰማያዊነት ወይም ወደ ሐምራዊነት ያደላ ቀለም ካዩ በእሳት ተነክቷል፤ ዋጋውን እንኳ አይጠይቁ። አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ አሮጌ ሞላ ላይ ቀለሙን በጥፍርዎ ወይም በሳንቲም ፋቅ አድርገው ከሥሩ ንቅሳት መኖሩን ይዩ። ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ የኖሩ ከሆነ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ የሚያበራ ምልክት ይተዋሉ፤ ያ ሞላ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የኖረ ነው።

ሻጩ እንድትለካ የማይፈቅድልህ ከሆነ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ እለፍ፤ ለወንድሜ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ከፍ ያለና የጠነከረ አዲስ ሞላ

ኦልድ ማን ኢሙ፣ አይረንማን፣ ዶቢንሰንስ፣ ታፍ ዶግ የሚባሉት የአውስትራሊያ ስሞች ናቸው። የዚያ አገር ሰዎች በጠጠርና በአሸዋ ረጅም መንገድ በጫነ ላንድክሩዘር ስለሚሄዱ ለ80 የሠሯቸው ሞላዎች በጭነት ደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው። ወደ እኛ የሚደርሱት በአብዛኛው በዱባይ በኩል በነጋዴ ወይም በዘመድ ሻንጣ ነው። ብዙዎቹ መኪናውን ወደ 50 ሚሊሜትር ያነሳሉ፤ ዋናው ነገር ግን ይህ ከፍታ የሚገኘው የተጻፈው ጭነት ሲኖር መሆኑ ነው። «ለቋሚ 200 ኪሎ» የተባለውን ሞላ ባዶ መኪና ላይ ቢያስገቡ ከ50 አልፎ ይነሳል፣ ይደርቃልም።

ቋሚ ጭነት ላለው መኪና ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም። ኤርታሌና ዳሎል ቱሪስት የሚያመላልስ፣ ፖርቶመጋላው የማይወርድ፣ ጀሪካኖቹ ሁልጊዜ የተሞሉ መኪና የኋላ ሞላው ጠንከር ያለ ይሁን። ፊቱን ግን ለብቻው ያስቡ፤ የብረት ፓራውልትና ዊንች ከሌለዎት ለፊት ከባዱን አይውሰዱ። ስብስብ ሆኖ ሲሸጥ ፊቱም ኋላውም በአንድ ደረጃ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ አራቱን በሁለት የተለያየ ደረጃ ማዘዝ ይቻላል፣ መጠየቅ ብቻ ነው።

ሲያዝዙ አንድ ተጨማሪ ነገር ያረጋግጡ። የአውስትራሊያ መኪና መሪው በቀኝ ነው። አንዳንድ ጥንዶች ሾፌሩ የሚቀመጥበትን ጎን ለማመጣጠን አንዱ ሞላ ረዘም ተደርጎ ይሠራል። በሳጥኑ ላይ «የሾፌር ጎን» የሚል ካለ ለእኛ ግራ ነው፤ «ቀኝ» የሚል ካለ ግን ለማን መኪና እንደተጻፈ መጠየቅ ያስፈልጋል።

50 ሚሊሜትር መነሳት ሌሎች ሥራዎችን ይዞ ይመጣል፤ ይህን በዋጋው ውስጥ ያስቡት። የ80 የፊት አክስል ሻንሲው ላይ በሚታሰሩ ሁለት ረጃጅም ክንዶች የተያዘ ስለሆነ መኪናው ሲነሳ አክስሉ በጥቂቱ ይዞራል፤ ካስተሩም ወደ 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ውጤቱ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲሄዱ የሚቅበዘበዝና ከኩርባ በኋላ በራሱ የማይመለስ መሪ ነው። መፍትሔው ካስተሩን የሚመልስ ልዩ ጎሚኒ በክንዶቹ ላይ ማስገባት ነው፤ እሱም ፕሬስ ይፈልጋል። አክስሉን ከጎን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ ደግሞ መኪናው ሲነሳ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ በጥቂት ሚሊሜትር ችግር የለም፣ ከዚያ ካለፈ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው የኋላ ፍሬን ነው። ከኋላ አክስሉ ላይ ተነስቶ ሻንሲው ላይ ወዳለ ቫልቭ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። ሥራው መኪናው ሲጫንና ዝቅ ሲል ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ የፍሬን ኃይል መስጠት ነው። መኪናው በሞላ ሲነሳ ይህ ቫልቭ «ባዶ ነው» ብሎ ስለሚቆጥር የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በሙሉ ጭነት ቁልቁለት ሲወርዱ ፊቱ ብቻ ሲለፋ ይገኛል። ከሞላ ቅያሬ በኋላ ይህን ዘንግ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ መሠረት ያስተካክሉ ወይም ያስተካክሉልዎ። የአባይ በረሃን ወይም የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን ለነገ አይለውም።

አሞርዛተሩም አብሮ ይታሰብ። ሞላ ጉልበት ይመልሳል፣ አሞርዛተር ያንን ጉልበት ይገታል። የጠነከረ ሞላ ከአሮጌ አሞርዛተር ጋር ሲገጠም መኪናው መወዛወዙን አያቆምም፤ መኪናው ከተነሳ ደግሞ የድሮው አሞርዛተር ርዝመቱ ሊያጥር ይችላል፣ አክስሉም በአሞርዛተሩ ላይ ይንጠለጠላል። በጀትዎ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ በኦርጅናል ቁመት ላይ ይቆዩና አሞርዛተሩን አብረው ይቀይሩ። ኮሮኮንች ላይ ለሚሄድ ሰው ይህ ከማንኛውም ከፍታ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ከዚሁ ጋር፣ አንዳንድ ሞላዎች ጥቅልላቸው በአንዱ ጫፍ ጠበብ፣ በሌላው ራቅ ራቅ ያለ ነው። ሲጀመር ለስላሳ፣ ጭነት ሲጨምር ጠንካራ ይሆናሉ ተብለው ይሸጣሉ፤ እውነትም ነው፣ ጭነቱ ለሚለዋወጥ መኪና። ጭነትዎ ቋሚ ከሆነ ግን ጠባቦቹ ጥቅልሎች ከመጀመሪያውኑ ተገናኝተው ስለሚቀሩ የከፈሉበት ልስላሴ የለም። ለእሱ እኩል የተጠቀለለው ይበልጣል።

ስፔሰርና የአየር ፊኛ

ስፔሰር በሞላውና በመቀመጫው መካከል የሚገባ ወፍራም ቀለበት ነው፤ ቶርኖ ቤትም ይሠራል። ጥንካሬውን አይለውጥም፣ ቁመት ብቻ ይጨምራል። በአንድ ጎን 10 ሚሊሜትር ያዘነበለን መኪና ለማስተካከል ጥሩ ነው። ያጠረን ሞላ በ40 ሚሊሜትር ስፔሰር መደገፍ ግን አልመክርም፤ ሞላው አሁንም ያው ያጠረ ሞላ ነው፣ ጥቅልሎቹም ቀድመው ይገናኛሉ። ከተጠቀሙ ከጎማ ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ በመቀመጫው ላይ በትክክል የሚገጥም ይሁን።

የአየር ፊኛ በኋላው ሞላ ውስጥ ገብቶ እንደ ጎማ በንፋስ የሚሞላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ባዶውን ውሎ ለበዓል ቤተሰብና ዕቃ ጭኖ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ወሎ ለሚወጣ መኪና በጣም የምወደው ምርጫ ነው፤ ሲጫን ይሞላል፣ ሲራገፍ ይተነፍሳል። ሁለቱ ጎኖች በየራሳቸው ቱቦ ይሞሉ፤ በአንድ ቱቦ ከተገናኙ በኩርባ ላይ ንፋሱ ወደ ቀለለው ጎን ሸሽቶ መኪናውን የበለጠ ያጋድላል። ቱቦው ከጭስ ማውጫው ይራቅ።

የማይመረጠው

ሞላን በእሳት አሙቆ ማሳጠር ወይም መሳብ፣ የተሰበረን ሞላ በብየዳ መቀጠል። የሞላ ብረት ጠባዩን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው፤ የጋዝ ነበልባል የነካው ቦታ ያን ጠባይ ያጣል፣ ወይ ይለሰልሳል ወይ ተሰባሪ ይሆናል። ሠርቶ ሊያሳይዎ የሚችል ባለሙያ ብዙ ነው፤ መንገድ ላይ ሲሰበር ግን አጠገብዎ አይኖርም።

ቤት፣ ጋራዥ ወይስ ሁለቱንም?

ይህ የሚወሰነው በመኪናው አሠራር ነው። ላንድክሩዘር 80፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለው ጂምኒ፣ ኒሳን ፓትሮል Y60ና Y61፣ የላንድክሩዘር 76፣ 78ና 79 የፊት ሞላ (ኋላቸው ባሌስትራ ነው)፣ የፕራዶ የኋላ ሞላ፦ በእነዚህ ሁሉ አክስሉ ድፍን ነው፣ አሞርዛተሩም ለብቻው ይታሰራል። አክስሉ በደንብ ሲወርድ ሞላው ተላቆ በእጅ ይወጣል። ቤት ይሠራል።

የፕራዶ 90፣ 120ና 150 ፊት፣ የሃይሉክስ ቪጎና ሬቮ ፊት፣ የላንድክሩዘር 200 ፊት ግን ሌላ ነገር ነው። ሞላው አሞርዛተሩ ላይ ተጨምቆ በአንድ ዳዶ ተይዟል። በሚሊሜትር 100 ኒውተን የሆነ ሞላ 100 ሚሊሜትር ቢጨመቅ የሚያከማቸው ጉልበት ኩንታል ጤፍ ከግማሽ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረውን ያህል ነው፤ ያ ሁሉ በእጅዎ ካለው ዳዶ ሥር ነው። ዳዶው መኪና ውስጥ እንዳለ በፍጹም አይነካ። በኪራይ የሚገኙ ባለ ሁለት መንጠቆ መጭመቂያዎች ጥርሳቸው ያለቀ ከሆነ ሊያፈተልኩ ይችላሉ፤ ሰው ፊቱን የሚያጣው በዚህ ነው። እዚህ የምመክረው መካከለኛውን መንገድ ነው፦ ሞላና አሞርዛተሩን እንደተያያዙ ቤት ይፍቱ፣ ግድግዳ ወይም መሬት ላይ የታሰረ መጭመቂያ ወዳለው ጋራዥ ይውሰዱ፣ አስቀይረው ይመለሱና ራስዎ መልሰው ይግጠሙት። ወጪው ይቀንሳል፣ አደገኛው ክፍል ለባለመሣሪያው ይቀራል። ላዳ ኒቫ ያለው ሰውም የኋላውን ቤት፣ የፊቱን ጋራዥ ያድርግ፤ የኒቫ የፊት ሞላ ከታችኛው ክንድ ላይ ተጨምቆ የተቀመጠ ስለሆነ ክንዱ ሲፈታ ይወረወራል።

80ን ቤት ለሚሠራ

ሁለት ጠንካራ ክሪክ፣ ሁለት የብረት መቆሚያ፣ ታኮ፣ ቺያቤዎች፣ ዝገት የሚያላቅቅ ቅባትና የሚረዳ ሰው ይኑርዎት። ብሎኖቹን ከአንድ ቀን በፊት በቅባት ያርሷቸው። መሬቱ ሲሚንቶ ካልሆነ ከመቆሚያዎቹ ሥር ሰፊ ጣውላ ያስገቡ።

የማይነሱትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ያድርጉ። የጎማ ዳዶዎችን መኪናው መሬት ላይ እያለ ያላሉ። ከዚያ አንስተው መቆሚያዎቹን ከሻንሲው ሥር ያድርጉ፤ አክስሉ መውረድ ስላለበት ከአክስሉ ሥር አይሆንም። የተፈቱትን ጎማዎች በሻንሲው ጎን ሥር ያስተኟቸው፣ መቆሚያው ቢከዳ መኪናውን ይይዛሉ። አንድ ክሪክ አክስሉን ደግፎ ይቆይ። አሁን የአሞርዛተሩን የታች ብሎንና የስታቢላይዘሩን ማያያዣ ይፍቱ፣ ከኋላ ከሆነ የዚያን የፍሬን ቫልቭ ዘንግም ያላቁ፤ አክስሉን በክሪኩ ቀስ እያሉ ያውርዱ። ረዳትዎ ዓይኑን ከፍሬን ቱቦው፣ ከዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦና ካለ ከኤቢኤስ ሽቦው ላይ አያንሳ። ቱቦው ሲወጠር ያቁሙ፤ አክስል በፍሬን ቱቦ ላይ አይንጠለጠልም። አንዱን ጎን የበለጠ ማውረድ ከተፈለገ ሌላውን በክሪክ ማንሳት ይረዳል።

አሮጌው ሲወጣ የላይኛውን የጎማ መቀመጫ ይመርምሩ፤ የተሰነጠቀ ከሆነ አዲስ ያስገቡ፣ አለበለዚያ አዲሱ ሞላ ይጮሃል። አዲሱን ሲያስገቡ የሽቦው ጫፍ መቀመጫው ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር ይግጠም፤ ካልገጠመ መኪናው መሬት ሲነካ ሞላው ይዞርና ቁመቱ ይዛባል። ሁልጊዜ በአንድ አክስል ላይ ሁለቱንም ይቀይሩ፣ ሁለቱን አክስሎች ግን በአንድ ጊዜ አያንሱ።

ጎሚኒ ያለባቸውን ብሎኖች የመጨረሻ ማጥበቅ የሚደረገው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይታሰራል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። የማጥበቂያውን መጠን ከመመሪያ መጽሐፉ ወስደው በቶርክ ሬንች ያጥብቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ለአንድ አክስል አንድ ሙሉ ቀን ይመድብ፤ ሲመሽ በባትሪ መብራት ለመጨረስ አይሞክር። መኪናው ሲወርድ በሰፈር ውስጥ ቀስ ብለው ያሽከርክሩት፣ ፍሬኑን ይሞክሩ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከሄደ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹንና የፈቱትን ብሎን ሁሉ ደግመው ያጥብቁ። መሪው ቀጥ ብሎ ካልቆመ አላይመንት ያስደርጉ፣ የፊት መብራቱንም ዝቅ ያስደርጉ፤ የተነሳ መኪና ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያሳውራል።

አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ሚሊሜትር ይቀመጣል። ስለዚህ ቁመቱን በተገጠመበት ቀንና ከ1000 ኪሎሜትር በኋላ በአራቱም ጎን ለክተው ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር ያስቀምጡት። ሁለተኛው ልኬት ላይ ግራና ቀኙ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ የሞላውን አቀማመጥ እንደገና ይፈትሹ፤ እሱ ትክክል ከሆነ አጭር በሆነው ጎን ላይ ቀጭን ስፔሰር ይበቃል።